«ማንኛውም ሥራ» ብላችሁ አትሙሉ፦ ለጅማ ሥራ ፈላጊዎችና አሠሪዎች ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በቀበሌያችን የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ሥራ ፈላጊ ሆኜ ከተመዘገብሁ ዘጠኝ ወር አልፎኛል፤ አንድም ቀን አልተደወለልኝም። ምዝገባው ለይስሙላ ነው ወይስ እኔ ያጎደልሁት ነገር አለ?
ከጊንጆ ጉዱሩ

መልስ፦ ለይስሙላ አይደለም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ቅጹ የተሞላበት መንገድ ላይ ነው። የተመዘገቡበትን ቅጽ አስወጥተው «የሚፈልጉት የሥራ ዓይነት» የሚለውን ቦታ ይመልከቱ። «ማንኛውም ሥራ» ተብሎ ከተሞላ ስልኩ ያልጮኸበትን ምክንያት አገኙት ማለት ነው። ሰው እንዲህ የሚጽፈው የትኛውም በር እንዳይዘጋበት ብሎ ነው። ነገር ግን አንድ ሥራ ተቋራጭ መጥቶ «ሳይት ላይ የሚውል፣ የብረት ዝርዝር ማውጣት የሚችል ሰው አምጡልኝ» ሲል የማዕከሉ ባለሙያ መዝገቡን የሚፈልገው በሙያ ስም ነው። «ማንኛውም ሥራ» የሚባል ሙያ ስለሌለ የእርስዎ ስም አይወጣም።

ስለዚህ ሄደው ያስተካክሉት። ሁለት ወይም ሦስት ሥራ በስሙ፣ በሚፈልጉት ቅደም ተከተል ያስጽፉ፦ የሳይት መሐንዲስ፣ የመጠን ሥራ (ቴክ ኦፍ)፣ በአውቶካድ ንድፍ ማንሳት። ከሥሩ በእጅዎ የሚችሉትን ይጨምሩ። «ታታሪና ታማኝ ነኝ» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል፤ አሠሪው የሚፈልገው ግን «የኮንክሪትና የብረት መጠን በኤክሴል አወጣለሁ፣ ሌቭል አነባለሁ» የሚለውን ነው። በተለማማጅነት የሠሩበት ቦታም ይጻፍ፤ ሁለት ወርም ቢሆን ልምድ ነው።

ቅጹ ላይ «በቅጥር» ወይስ «በግል ሥራ» የሚል ምርጫ ካለም ያጣሩ። ማዕከሉ ተደራጅተው ብድርና የመሥሪያ ቦታ የሚፈልጉትንም ስለሚመዘግብ በግል ሥራ የተመዘገበ ሰው ፋይል ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል። ቅጥር የሚፈልግ ሰው እዚያ ከገባ ማንም አይደውልለትም።

በጅማ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ሌላው ችግር ስም ነው። በቀበሌ መታወቂያው በቁቤ የተጻፈው፣ በዲግሪው በእንግሊዝኛ የተጻፈው እና በመዝገቡ በአማርኛ የሰፈረው ስም አይገጥሙም። አንዱ ጋ ከድር፣ ሌላው ጋ ቃዲር ይሆናል። አሠሪው ሰነድ ሲያመሳክር ይጠራጠርና ቀጣዩን ሰው ይጠራል። መነሻ የሚሆንዎት የትምህርት ማስረጃው ይሁን፤ እሱን ማስቀየር ከሁሉም ይከብዳል። የፋይዳው ምዝገባ ከዲግሪው የተለየ ከሆነ ሥራ ሲያገኙ ሳይሆን አሁኑኑ ያስተካክሉት።

ስልክዎን ቀይረዋል? የወንድምዎን ቁጥር ነው የሰጡት? የራስዎንና የአንድ ቤተሰብ ቁጥር፣ ሁለቱንም ያስመዝግቡ። በየሦስት ወሩም ብቅ ይበሉ፤ መረጃው የቆየን ሰው ባለሙያው «ሥራ ይዞ ይሆናል» ብሎ ያልፈዋል። ለነገሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍት ቦታ በራሱ ማስታወቂያ ስለሚወጣ የሰሌዳውን ንባብ አይተዉት። ከ2015 ወዲህ የተመረቁ ከሆነ የመውጫ ፈተና ውጤትዎንም ከዲግሪው ጋር አያይዙ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ለጥበቃ ሥራ አስገባሃለሁ ብሎ 2,000 ብር የፎርም ጠይቆኛል። ቀሪውን ከመጀመሪያው ደመወዝህ እቆርጣለሁ ይላል። ኤጀንሲ ነኝ ባይ ነው። ልክፈል?
ከሄርማታ

መልስ፦ አይክፈሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ የማይቀበል ይለዋል። የሚከፍለው አሠሪው ነው። የፎርም፣ የመመዝገቢያ፣ የሻይ፣ ከመጀመሪያው ደመወዝ የሚቆረጥ፤ ስሙ ቢለዋወጥም ሁሉም ከሠራተኛ የሚወሰድ ክፍያ ነው።

ሰውዬውን ሁለት ነገር ይጠይቁት። የመጀመሪያው ፈቃዱን ነው፤ ወረቀቱን በዓይንዎ ይዩ፣ የማብቂያ ቀኑንም ያንብቡ። ሁለተኛው «ውሉን ከእኔ ጋር የሚፈርመው ማን ነው?» የሚለው ነው። ኤጀንሲ በሁለት መንገድ ይሠራል። በአንደኛው አገናኝቶ ይወጣል፤ አሠሪዎ ድርጅቱ ይሆናል። በሌላኛው ራሱ ቀጥሮ ወደ ሌላ ድርጅት ያሰማራዎታል፤ በጥበቃና በጽዳት የተለመደው ይኼ ነው። በዚህኛው ደመወዝዎን የሚከፍለውም ዓመት ፈቃድዎን የሚሰጠውም ኤጀንሲው ነው። የጡረታውን 7 ከመቶ ከእርስዎ ቆርጦ 11 ከመቶ ከራሱ ጨምሮ የሚያስገባውም እሱ ነው። ማን እንደሆነ ሳያውቁ ከፈረሙ ደመወዝ ሲዘገይ ድርጅቱ ወደ ኤጀንሲው፣ ኤጀንሲው ወደ ድርጅቱ ይልክዎታል።

አስቀድመው ከፍለው ከሆነ የቴሌብሩን መልእክት አያጥፉ። የተቀባዩ ስም፣ መጠኑ፣ ቀኑና የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። እሱን ይዘው ለከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ያቅርቡ፤ ሰውዬው ፈቃድ የሌለው ደላላ ከሆነ ለፖሊስም ያመልክቱ። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ የከፈሉት፣ አብሮዎት የነበረ ሰው ምስክር ይሆናል።

ጥያቄ፦ የቡና ማበጠሪያ መጋዘን አለኝ። ከኅዳር ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል 40 ለቃሚ ሴቶች ያስፈልጉኛል። ዓምና ለከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጽፌ የመጡት 11 ብቻ ነበሩ፤ ከነሱም ግማሾቹ በሳምንቱ ቀሩ። ምን ላድርግ?
ከመርካቶ

መልስ፦ ደብዳቤው መቼ እንደገባና ምን ይል እንደነበር ያስታውሱ። ቡናው መጋዘን ከገባ በኋላ ከጻፉ ዘግይተዋል። ኅዳር ላይ በጅማ ዙሪያ ያለ እጅ ሁሉ ቡና ላይ ነው፤ የማና ወይም የቀርሳ ሴት የራሷን ወይም የጎረቤቷን ቡና ከዛፍ ትለቅማለች። ጥያቄውን በመስከረም መጨረሻ ያስገቡ፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የቲን ቅጂም ያያይዙ።

ደብዳቤው ላይ «ጥሩ ክፍያ» የሚለውን ይሰርዙትና ዋጋውን ይጻፉ። ክፍያው በኪሎ ነው በቀን? በኪሎ ከሆነ ስንት ብር? የሚከፈለውስ በሳምንት ነው በአሥራ አምስት ቀን? መግቢያና መውጫ ሰዓቱ፣ መጋዘኑ ያለበት ሰፈር፣ ሰርቪስ መኖር አለመኖሩ ሁሉ ይግባ። ከከተማ ውጭ የምትመጣ ሴት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥታ ባጃጅ ካላገኘች በማግስቱ አትመለስም። ዓምና በሳምንቱ የቀሩብዎት በዚህ ሊሆን ይችላል።

ውሉን በተመለከተ ሕጉ ይረዳዎታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 10 በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት ለሚደጋገም ሥራ የተወሰነ ጊዜ ውል ይፈቅዳል፤ የቡና ለቀማ ደግሞ ዓይነተኛው ምሳሌ ነው። በጽሑፍ ያድርጉት፦ የእርስዎ ስምና አድራሻ፣ የሠራተኛዋ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የክፍያው ልክና አከፋፈል፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የሁለታችሁ ፊርማ። አንድ ገጽ ይበቃል። ውሉ በቃል ከሆነም በ15 ቀን ውስጥ እነዚህን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት ግዴታዎ ነው። በኪሎ ስለሚከፈላቸው የሥራ ሰዓት አያገባኝም አይበሉ፤ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው ለእነሱም ይሠራል። ከ15 ዓመት በታች ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታም ቢሆን አትቀጠርም።

ሰው የሚያሸሸው ግን ብዙ ጊዜ ሚዛኑ ነው። ለቃሚዋ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ጥቁሩን፣ የተሰባበረውንና ጠጠሩን ለይታ፣ ማታ ሚዛኑ ወደ መዝጋቢው ዞሮ ቁጥሩ ብቻ ከተነገራት አታምንም፤ ልታምንም አይገባም። ሚዛኑን ወደ እሷ ያዙሩት። ኪሎውም በሁለት ደብተር፣ በእርስዎና በእሷ፣ እዚያው ይጻፍ።

በመጨረሻም ከተላኩልዎት ውስጥ እነማንን እንደቀጠሩና እነማን እንደቀሩ ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ይመልሱ። ይኼን የሚያደርግ አሠሪ ጥቂት ነው። ካልመለሱ የቀጠሯቸው ሴቶች መዝገቡ ላይ ሥራ ፈት ሆነው ይቆያሉ፤ ለከርሞ ሲጠይቁም የሚላክልዎ ሥራ የያዙ ሰዎች ስም ዝርዝር ነው።

ጥያቄ፦ አሥረኛ ክፍል ነው የጨረስኩት፤ ስፌት አልችልም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ላለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተመዝግቤያለሁ። ፈተናው ምንድን ነው?
ከሰጦ ሰመሮ

መልስ፦ እህታችን፣ ስፌት አለመቻልሽ አያስጨንቅሽ፤ ጀማሪን የሚያሠለጥኑት ራሳቸው ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት የጣት ቅልጥፍናን፣ ዓይንንና መመሪያ መከተልን ነው፦ ትናንሽ ነገሮችን በተወሰነ ደቂቃ ቀዳዳ ውስጥ መክተት፣ ቀለም መለየት፣ በተሰመረ መስመር ላይ መቁረጥ። መነጽር ካለሽ አድርገሽ ሂጂ፤ ጥፍርሽንም አሳጥሪው። ስትፈተኚ መጀመሪያ የሚነገርሽን እስከ መጨረሻ አዳምጪ፤ ሳይጨርሱ መጀመር ነጥብ ያስቀንሳል።

ጥያቄ፦ የቀጠረኝ ድርጅት የሙከራ ጊዜህ ሦስት ወር ነው ብሎኛል። በቃል ነው የነገሩኝ። ይችላሉ?
ከቦሳ አዲስ

መልስ፦ አይችሉም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት የሙከራ ጊዜ ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠሩ ከሆነ 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ገደማ ነው። በቃል ብቻ ከተነገረዎት ደግሞ የሙከራ ጊዜ አለ አይባልም። ሥራ የጀመሩበትን ቀን የሚያሳይ ማንኛውንም ነገር ያስቀምጡ፤ የገቡበት ቀን የፈረሙበትን የሰዓት መቆጣጠሪያ ገጽ በስልክዎ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።