መሪው ሲጨፍር ሳጥኑን ቶሎ አትክሰሱ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ወገል ጤና ነው፤ እህል ነጋዴ ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ ያገለገለ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ገዛሁ፣ 75 የሚባለውን። ሻጩ «ገደል አያውቅም፣ ቀለሙ ብቻ ነው የታደሰው» ብሎ ምሎልኛል። አሁን ግን ከጋሸና ወደ ወልዲያ በወረድን ቁጥር ሾፌሬ ከመሪው ጋር ይታገላል። መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ መሪው ወደ ቀኝ ዘንበል ማለት አለበት። መሃል ላይ ደግሞ ሩብ ዙር ያህል ባዶውን ይዞራል። ከስልሳ በላይ እየሄድን ጉድጓድ ከነካን ፊቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ፍጥነት ካልቀነስን አይለቅም። አዲስ ያስገባኋቸው የፊት ጎማዎች የውጭ ጠርዛቸው ተበልቶ አለቀ። አንዱ ጋራዥ «የመሪው ሳጥን (የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ ዘንግ የሚያስተላልፈው የጥርስ ሳጥን) ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይሪ» አለኝ። ሌላው የመሪውን ዳምፐር (የመሪውን ምት የሚያለዝበውን) ቀየረልኝ፤ ትንሽ ሰንብቶ ባሰበት። ሳጥን ልግዛ ወይስ መኪናውን ልሽጠው?
ዘ. ከወገል ጤና

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። መኪናውንም አትሽጪ፣ ሳጥኑንም ገና አትግዢ። የዘረዘርሻቸው ምልክቶች ከአንድ ቦታ የመጡ አይመስሉኝም። ሳጥኑ ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ ብቻውን የመሪን አቀማመጥ አያጣምም፣ የጎማ ጠርዝም አይበላም።

መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ ጎማዎቹ መሬት ይርገጡ። ክሪክ አያስፈልግም፤ ጎማው ከተነሳ ክብደቱ ስለሚቀር ላላ ያለው ነገር ይደበቃል። ሞተሩ ይነሳ፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። ሾፌርሽ መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ያወዛውዝ። ሌላ ሰው ደግሞ ከፊት በኩል ተንበርክኮ ከሳጥኑ ክንድ ጀምሮ እያንዳንዱን የዘንግ መጋጠሚያ በእጁ ይዳስስ። ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል። የታይሮዱ (መሪውን ከጎማ የሚያገናኘው ዘንግ) ጫፍ ውስጥ ያለው ኳስ ካለቀ አንዱ ብረት ሲንቀሳቀስ ሌላው ዘግይቶ ሲከተለው ይሰማል። ያ ሩብ ዙር ባዶ የሚዞረው በአብዛኛው እዚህ ነው የሚገኘው፤ ከእያንዳንዱ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ተጠራቅሞ።

እግረ መንገዱን ሳጥኑ ሻሲው ላይ የታሰረባቸውን ብሎኖች ይመልከት። መሪው ሲወዛወዝ ሳጥኑ ራሱ ከሻሲው ጋር የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ወይ ብሎን ላልቷል ወይ ሻሲው ተሰንጥቋል። ኮረኮንች ላይ ጭነት ተሸክመው በኖሩ መኪኖች ላይ ይህ ስንጥቅ የተለመደ ነው። «ቀለሙ ብቻ ነው የታደሰው» የሚለው የሻጭሽ ቃል እኔን የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው። ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናል። ሳጥኑ ዙሪያ ያለውን ጭቃና ቅባት በናፍታ አሳጥቢና የዝገት መስመር ፈልጉ። ከተገኘ ጥሩ በያጅ ይሠራዋል፦ ስንጥቁ ጫፍ ላይ እንዳይቀጥል ቀዳዳ ይበሳል፣ ይበየዳል፣ ከላይ የብረት ሳህን ይደረባል። የባትሪው ገመድ አስቀድሞ ይነቀል።

ወደ መንቀጥቀጡ እንምጣ። ጉድጓድ ነክቶ የሚጀምር፣ ፍጥነት ካልቀነሱ የማይለቅ መንቀጥቀጥ እንዲህ ፊቱ ድፍን አክስል በሆነ (ሁለቱን ጎማ አንድ ወጥ ብረት በሚይዝበት) መኪና ላይ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የጎማውን መዞሪያ ኩሽኔታዎች ነው። ጎማው ቀኝና ግራ ሲታጠፍ የሚዞርበት ክብ ራስ አለ፤ ላይና ታች ሁለት ኩሽኔታ ይዟል። አሁን ክሪክ አምጡ። የፊት ጎማውን አንሱና አንድ እጅ ከላይ አንድ እጅ ከታች አድርጋችሁ ግፉት ሳቡት። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ የመዞሪያው ኩሽኔታ ነው። ይህችን ዘዴ ሾፌርሽ ይያዛት፤ ብዙ ጋራዥ ይዘላታል።

የመዞሪያው ኩሽኔታ ሳይላላም ሊበላሽ ይችላል። ዘንጉን ፈትታችሁ ጎማውን በእጅ ስታዞሩት ልክ ቀጥ የሚልበት ቦታ ላይ «ቅርጭ» ብሎ ከያዘ፣ ኩሽኔታው ዓመታት ቀጥ ሲል ብቻ እየተደበደበ ራሱን ጎድጉዷል ማለት ነው። ይህ በቅባት አይድንም፣ ይቀየራል። ጥብቀቱ የሚስተካከለው በመካከሉ በሚገቡ ስስ የብረት ቅጠሎች ስለሆነ የነበሩትን ቅጠሎች ላይኛውን ከታችኛው ሳይቀላቅሉ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ክብ ራሱን ሲከፍቱ ግሪሱ ቀጥኖ እንደ ሾርባ ከሆነ የዲፈረንሻሉ ዘይት በውስጠኛው ጎሚኒ (ዘይት ማገጃ ጎማ) አልፎ ገብቷል፤ አብሮ ጎሚኒው ይቀየር።

ዳምፐሩ ለምን እንደረዳሽና ለምን እንደከዳሽ አሁን ይገባሻል። የዳምፐር ሥራ ድንገተኛ ምትን ማለዘብ ነው። የላላ ነገር አያጠብቅም። አዲስ ሲሆን ትርምሱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ትንሽ ሲለዝብ ሁሉም ይወጣል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሁሉም ነገር አርጅቶ ዳምፐሩ ብቻ አዲስ ከሆነ ጠርጥሩ።

የመሪው መጣመምና የጎማው መበላት የዘንግ ነገር ነው። ከሳጥኑ ክንድ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ከታጠፈ መሪው መሃሉን ይስታል። ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ከታጠፈ ወይም በትክክል ካልተለካ ጎማዎቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። የውጭ ጠርዙ መበላቱ ጎማዎቹ በፊት በኩል ከልክ በላይ መጠጋጋታቸውን ያሳያል። መለካቱን ጎሚስታም ይሠራዋል፣ ራሳችሁም ትችላላችሁ። በሁለቱ ጎማ ፊት ለፊት፣ በመሃላቸው ከፍታ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና መካከሉን በሜትር ለኩ። ከዚያ ምልክቱ ወደ ኋላ እስኪዞር መኪናውን ወደፊት ግፉና እንደገና ለኩ። የፊቱ ከኋላው በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይጥበብ።

የታጠፈ ዘንግ ከተገኘ እባክሽ በእሳት አሙቆ በመዶሻ የሚያቃና ሰው እጅ እንዳይገባ። የጋለ ብረት ጥንካሬው ይቀየራል፣ ቀጥ ብሎ ቢታይም። ወደ ወልዲያ ስትወርዱ ድልብ ቁልቁለት ላይ ከተበጠሰ መሪው በእጅ ላይ ይቀራል። ብየዳም አይነካው። ያገለገለ ግን ያልታጠፈ ዘንግ ኮምቦልቻም ደሴም ተፈልጎ ይገኛል። የዘንጉ ጫፎች ግን አዲስ ይሁኑ። ከመፈታቱ በፊት ጥርሱ ስንት ዙር እንደገባ ይቆጠር። አንዱ ጫፍ በግራ የሚፈታ ጥርስ ስላለው «እምቢ አለ» ተብሎ እንዳይሰበር። ዳዶውን የሚቆልፈው ፒን ሁልጊዜ አዲስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አክስሉ ላይ እዩ። መኪናሽ እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት የተሠራ ስለሆነ ፊቱ የሚቀመጠው በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ላይ ነው (ተተኪዎቹ 78 እና 79 ግን ፊታቸው የሚቀመጠው በተጠመዘዘ ሞላ ላይ ነው)። የባሌስትራውን ቅጠሎች መሃል ላይ የሚይዘው ብሎን ከተቆረጠ አክስሉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በሁለቱም በኩል ከአክስሉ እስከ ባሌስትራው የፊት መያዣ ለኩ። ልዩነት ካለ መኪናው ወደ ጎን የሚስበው ለዚህ ነው፤ ዘንግ መቀየር አይፈይድም።

ሳጥኑ የመጨረሻው ተራ ነው። ላዩ ላይ በዳዶ የታሰረ የማስተካከያ ብሎን አለ። ሰዎች የሚቸኩሉት እሷን ለማጥበቅ ነው። በጣም ከጠበቀች መሪው ከመታጠፊያ በኋላ ራሱን ችሎ አይመለስም፣ የሳጥኑም ጥርስ ያልቃል። ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ባዶ ዙር ከቀረ፣ ጎማዎቹ ቀጥ ባሉበት በትንሽ በትንሹ ትጠበቅና በየመሃሉ ከዳር እስከ ዳር ይሞከር። ሳጥኑ የሚቀየረው ይህም ካልሠራ ነው። እስከዚያው ጭነት ይዞ ወደ ወልዲያ መውረድ ይቁም። ሾፌርሽም ቤተሰብ አለው።

ጥያቄ፦ ሃይሉክሴ ጠዋት ሲነሳ መሪው ያቃስታል፣ ይከብዳልም። ሲሞቅ ይሻለዋል። መምህር ነኝ፣ ከሐይቅ።

መልስ፦ መምህር፣ የመሪውን ዘይት ማጠራቀሚያ ይክፈቱና ይዩት። አረፋ ካለው አየር እየገባ ነው፤ ዘይቱ ጎድሏል ወይም ወደ ፓምፑ የሚወስደው የጎማ ቱቦ ላልቷል። ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ ይለወጥ። በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ይግዙ፤ የሞተር ዘይት አይጨምሩበት። ቺንጋውንም ይጫኑት፣ ላላ ካለ ጠዋት የሚጮኸው እሱ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ከተለወጠ በኋላ የፊት ጎማዎቹ ተነስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ መሪው ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ይዙር፣ አየሩ ይወጣል። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ይደገም። ዳር ሲደርስ ግን ጥርቅም አድርገው ይዘው አያቆዩት፤ ፓምፑን ይጎዳል።