አልማዝ ባለጭራው ድኖ ሕመሙ ለምን ቀረ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 62 ነው፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከአምስት ወር በፊት በቀኝ ጎኔ፣ ከጡቴ ሥር እስከ ጀርባዬ አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ። ቁስሉ በሦስት ሳምንት ደርቆ ጠፋ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። ያቃጥለኛል፣ አንዳንዴ እንደ ኮረንቲ ይነዝረኛል፣ ነጠላ እንኳ ሲነካኝ አልችልም። ዲክሎፌናክ ብዙ ጊዜ ተወጋሁ፤ ለውጥ የለውም። አንድ ባለሙያ “በሽታ የመከላከል አቅምሽ ስለደከመ ነው” ብሎ ቫይታሚን ሰጠኝ። ልጄ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አንብባ “ሕመሙን የሚያመጣው ራሱ የመከላከል አቅሙ ነው” አለችኝ። ታዲያ አቅሜን ልጨምር ወይስ ልቀንስ?

መልስ፦ ባለሙያውም ልጅዎም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ግን የሚያወሩት ስለተለያየ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የባለሙያውን እንይ። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው በልጅነት ቺክን ፖክስ የሚባለውን ጉድፍ የሚያስይዘን ቫይረስ ነው። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም። ከአከርካሪ አጥንት ጎን ባሉ የነርቭ ጉብታዎች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ ይተኛል። እንዳይነሳ የሚጠብቁት በዋናነት ቲ-ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ኤችአይቪ ሲኖር፣ ወይም ስቴሮይድና የካንሰር መድኃኒት ሲወሰድ ይህ ጥበቃ ይላላል። ያኔ ቫይረሱ ይነሳና የአንዱን ነርቭ መስመር ይዞ ወደ ቆዳ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ የሚታየውም ለዚህ ነው። ዙሪያውን ዞሮ ራሱና ጭራው ከተገናኘ ይገድላል የሚባል ነገር ሰምተው ከሆነ፣ ወሬ ነው፤ አይስጉ።

ስለዚህ የአቅም መድከም በሽታው ለምን እንደወጣ ያስረዳል። ቁስሉ ከዳነ ከአራት ወር በኋላ ነጠላ ለምን እንደሚያሳምም ግን አያስረዳም። የልጅዎ ንባብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ቫይረሱ በነርቩ ውስጥ ሲያልፍ ጎድቶት ነው። የተጎዳ ነርቭ ባለበት ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ይጎርፋሉ፤ የሞተውን ያጸዳሉ፣ ጥገናውንም ያግዛሉ። ሥራቸውን ሲሠሩ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን የተባሉ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። እነዚህ ኬሚካሎች ነርቩን ስሜተ ስስ ያደርጉታል። በትንሽ ነገር ይነሳል፣ አንዳንዴም ምንም ሳይነካው በራሱ መልእክት ይልካል። ያ የኮረንቲ ንዝረት ከዚህ የሚመጣ ነው። በአብዛኛው ሰው ሥራው ሲያልቅ ነገሩ ይበርዳል። በአንዳንዱ ግን አይበርድም። ሌባው ከተያዘ በኋላም ዘበኛው በኮሽታ ሁሉ ፊሽካ እየነፋ እንደሚያድር ማለት ነው።

ነገሩ በጎንዎ ብቻም አያበቃም። በህብለ ሰረሰር ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ፣ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር የራሳቸው መከላከያ ሕዋሳት አሉ። ከተጎዳው ነርቭ የሚመጣው መልእክት እነሱንም ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የካናዳና የጃፓን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ አንድ የሚገርም ነገር አሳዩ። የተቀሰቀሱት ማይክሮግሊያዎች ቢዲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን ይለቃሉ። ይህ ፕሮቲን ሕመምን የሚያረግበው መልእክት ሥራውን እንዲስት፣ እንዲያውም ሕመሙን እንዲያባብስ ያደርጋል። የዚህ ዓይነት ለውጥ ሲመጣ ተራ ንክኪ የሕመም መስመር ውስጥ ይገባል። ሐኪም በጥጥ ጫፍ ጎንዎን ዳሰስ ሲያደርግ “እሳት ነካኝ” የሚሉት ለዚህ ነው። አሎዲኒያ እንለዋለን። ሕመሙ የሐሳብ ፈጠራ አይደለም፤ “ቁስሉ እኮ ድኗል” የሚልዎት ካለ ይህን ይንገሩልኝ።

እሺ፣ ታዲያ አቅሙን ብንቀንሰውስ? ተሞክሯል። ማይክሮግሊያን በእንስሳት ላይ ያበረደው ፕሮፔንቶፊሊን የተባለ መድኃኒት ልክ እንደ እርስዎ ዓይነት ሕመም ባላቸው ሰዎች ላይ ሲፈተሽ ከማስመሰያ ክኒን አልበለጠም። ሽፍታው ገና ሲወጣ ስቴሮይድ መስጠትም በኋላ የሚቀረውን ሕመም እንደማያስቀር እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ጉዳዩ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት በወንድ አይጦች ሕመሙን የሚያቆየው ማይክሮግሊያ፣ በሴቶቹ ግን ቲ-ሴል ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ሕመምን የሚያበርዱ ኬሚካሎችን የሚለቁትም እነዚሁ የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው፤ ሁሉንም ካፈንናቸው አስታራቂውንም አብረን እናፍናለን። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ስጋት አለ፤ ተኝቶ የነበረ ቲቢ በስቴሮይድ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ገዝተው እንዳይጀምሩ አደራ።

ቫይታሚኑስ? ቢ12 የሚጠቅመው እጥረት ላለበት ሰው ነው። እጥረት ከሌለ ይህን ሕመም አያስለቅቅም። “አቅም ጨማሪ” እየተባለ ለሚሸጠው ነገር ግን ባይከፍሉ ደስ ይለኛል።

የመከላከያ አቅምን ማፈን ዋና ሕክምናቸው የሆኑ የነርቭ በሽታዎች መኖራቸውን ልጅዎ አንብባ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሲአይዲፒ የሚባለው አንዱ ነው። በእነዚያ ግን የመከላከያ ሕዋሳቱ ራሳቸው ናቸው ነርቩን የሚያጠቁት፤ ዋናው ምልክታቸውም የእግርና የእጅ መድከም ነው። የእርስዎ ሌላ ነው።

ዲክሎፌናክ ያልሠራው ደካማ መድኃኒት ሆኖ አይደለም። የሚያበርደው ሌላ ዓይነት ሕመምን ነው። በዕድሜዎ ደጋግሞ መወጋት ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊትም ከፍ ያደርጋል። በቃኝ ይበሉ።

ለዚህ ሕመም የሚሰጡት ነርቩን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ናቸው። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፣ በየቦታውም ይገኛል። ማታ ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። የድብርት መድኃኒት ነው ቢባሉ አይከፋዎት፤ በትንሽ መጠን የሚሰጠው ለነርቭ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል። የልብ ምት ችግር ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ካለብዎት አስቀድመው ይንገሩ። ሌሎቹ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ናቸው። ያዞራሉ፣ ስለዚህ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ እንዳይወድቁ ቀስ ይበሉ። ኩላሊት ከደከመ መጠናቸው መቀነስ አለበት። የትኛውም ቢታዘዝልዎ በሦስት ቀን አይፍረዱበት፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይስጡት፣ በድንገትም አያቋርጡት። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። በግማሽ ቀንሶ እንቅልፍ ከወሰደዎት መድኃኒቱ ሠርቷል እላለሁ። ብዙ ሰው በወራት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል።

በርበሬ እንዲያቃጥል ከሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ ከካፕሳይሲን፣ የሚሠራ ቅባትም አለ። ይህን ያነበበ ሰው በርበሬ በቅቤ ለውሶ እንዳይቀባ ብቻ! መጠኑ የተለካ አይደለም፣ ቆዳ ይልጣል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የስኳርና የኩላሊት ምርመራ ይጠይቁ። ኤችአይቪም ይመርመሩ። ስለተጠረጠሩ አይደለም፤ አልማዝ ባለጭራ የወጣበትን ሰው ሁሉ መመርመር የተለመደ ነው።

ልጆቻቸው ጋ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎች ካሉ፣ ሺንግሪክስ የሚባል ክትባት ለ50 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ሁለት ጊዜ ነው የሚወጉት። በጥናት ከ90 በመቶ በላይ ተከላክሏል። የቆየውን ሕመም ግን አያክምም። አሁን ሽፍታው የጀመረው ሰው ካለ ቁስሉ እስኪደርቅ አይጠብቅ። አሳይክሎቪር የሚባለው ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በዓይን አካባቢ ወይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ደግሞ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ይሂድ፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።