ኳስ ተጫዋች ልጅ ላላችሁ የሜሪላንድና የቨርጂንያ ወገኖቼ

«ልጄ ፉትቦል ፉትቦል እያለ ትምህርቱን ሊያበላሽ ነውና ምከርልኝ» የምትሉኝ ወላጆች ስለ በዛችሁ፣ ልጆቹን ትቼ እናንተን ልምከር። ፉትቦል ስል የአሜሪካውን ማለቴ ነው፤ ዓመታቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፉትቦልና ትምህርት አብረው እንደሚሄዱ በሚያሳይ ሰው ልጀምር።

1. በ1942 በሲንሲናቲ የተወለደው ሮጀር ስታውባክ፣ አናፖሊስ በሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ ሲማር በ1963 ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማን ዋንጫ የተሸለመ የኮሌጅ ኮከብ ነበር። ዳላስ ካውቦይስ የተባለው ፕሮፌሽናል ቡድን በ1964 ቢመርጠውም የውትድርና ግዴታውን አስቀደመ። ዓይኑ ቀለም በትክክል ስለማይለይ የአቅርቦት መኮንን ሆነ፤ በገዛ ፈቃዱም ቬትናም ዘመተ። ዳላስ የገባው በ1969፣ በ27 ዓመቱ ሲሆን የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ከዚያ በኋላ ነው። የደርግን ብሔራዊ ውትድርና የምታስታውሱ ወላጆች «መኮንን» ሲባል ብትደነግጡ አይፈረድባችሁም፤ አካዳሚው ግን ወጣቱ ተወዳድሮ የሚገባበትና በዲግሪ የሚመረቅበት ትምህርት ቤት ነው።

2. አካዳሚው ክፍያ አይጠይቅም፤ ተመራቂው ግን ቢያንስ 5 ዓመት ያገለግላል። አመልካቹ አሜሪካዊ ዜጋ መሆንና አብዛኛውን ጊዜም ከሴናተር ወይም ከኮንግረስ አባል እጩነት ማግኘት ስላለበት፣ ግሪን ካርድ ይበቃል እያላችሁ የዜግነት ማመልከቻችሁን አታሳድሩ።

3. አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ፤ ልጆቻችሁ ሲጫወቱ የት ናችሁ? በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት፣ ተመራቂ ተጫዋቾች ከወላጆቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሜዳ የሚገቡበት ምሽት አለ። የእኛ ሰው ልጅ ስሙ ሲጠራ ከአሠልጣኙ ሚስት ጋር ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ፤ እናቱ የምትቀበለውን አበባ እጁ ላይ ይዞ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ነበር። አባትየው በዚያች ሰዓት ደብል ሺፍት ላይ ነበር፤ ገንዘቡ የሚሄደውም አዲስ አበባ ለጀመረው፣ ዘመድ ያለ ኪራይ ለተቀመጠበትና ጣሪያው ላላለቀ ጂ ፕላስ ቱ ነው። ቤቱ ሲያልቅ ልጁ ሊኖርበት ይሄዳል ብላችሁ ታምናላችሁን? እናንተ ያላያችሁትን ጨዋታ እቤት ስታጣጥሉበትስ፣ ማታ እራት ላይ ምን እንዲያወራችሁ ትጠብቃላችሁ? ከዚያም «ልጄ አያናግረኝም» እያላችሁ እኔን ሽማግሌ አድርጋችሁ ትልኩኛላችሁ። ሽምግልናው ይቅርና የጨዋታውን መርሐ ግብር ከአሠልጣኙ ተቀብላችሁ፣ ጨዋታ ያለባቸውን ዓርቦች ለአለቃችሁ ቀድማችሁ አስታውቁ፤ ውድድሩ የሚጀምረው በኦገስት መጨረሻ ወይም በሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው።