ጋዎንሽን ገና አታውልቂ

«ስሜ ይቆይ፣ ከሀዋሳ» ብላ የጻፈችልኝ የአንስቴዥያ (የማደንዘዣ ሕክምና) ባለሙያ ናት። አምስት ዓመት ሠርታለች። ደብዳቤዋ ረጅም ነው፤ ዋናው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ አቶቴ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነች ልጅ የዛሬ 14 ወር አንድ የግል ሕክምና ቦታ ወለደች። ምጡ እንዲቀልላት ኤፒዱራል የሚባለው በጀርባ የሚወጋ ማደንዘዣ ተሰጣት። በማግስቱ ቀና ማለት አቃታት። ስትተኛ የሚተዋት፣ ስትነሳ የሚሰነጥቃት ራስ ምታት ያዛት። ቤተሰቧ ደውሎ ሲጠይቅ ‹ድካም ነው፣ ፓራሲታሞል ትውሰድ› ተባለ። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ሰጧት። ሦስት ሳምንት ተኛች። አሁንም ራሷንና ጀርባዋን ያማታል። እኔ ስሰማ ወዲያው ገባኝ፤ መርፌው አልፎ ገብቷል። ለሷ ግን ማንም አልነገራትም። እዚያ የምትሠራ ጓደኛዬ ካርዷን በስልክ ፎቶ አንስታ ልትልክልኝ ነው። ሥራዬን ለቅቄ ሕግ ተምሬ ለእንደዚህ ዓይነት ሰዎች መቆም እፈልጋለሁ። እብድ ነኝ?»

እብድ አይደለሽም። ተናደሻል። ንዴትሽንም ወድጄዋለሁ። መልቀቂያ ግን በንዴት አይጻፍም።

ከሥራሽ በፊት ስለ ፎቶው እንነጋገር። ለጓደኛሽ ዛሬውኑ ደውለሽ «ተይው» በያት። የታካሚን ምስጢር ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ያስቀጣል። ጎረቤትሽን እረዳለሁ ብለሽ ጓደኛሽን እንጀራዋን ታሳጫታለሽ። ደግሞስ ለምን በጓሮ በር? ታሪኩ የጎረቤትሽ የራሷ ነው። የካርዷን ቅጂ ራሷ በማመልከቻ ትጠይቅ። ማመልከቻውን ሁለት ኮፒ አድርጋ አንዱ ላይ የገቢ ማህተም ታስመታና ትያዘው። ቢከለክሏት እንኳ መጠየቋ በወረቀት ቀርቷል። ክስ ከተከፈተ ደግሞ ፍርድ ቤት ካርዱ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራሽ። ሕግ በመደበኛው 5 ዓመት ነው። ከዚያ የመውጫ ፈተና፣ ከዚያ የሥራ ልምድ፣ ከዚያ የጥብቅና ፈቃድ ፈተና አለ። እስከዚያ የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? ከዓመታት በፊት እኔ ጋ የመጣ አንድ ነርስ ነበር። እንዳንቺው በአንድ ጉዳይ ተቃጥሎ ሥራውን ለቀቀ። ሕግ ጀመረ፤ በሁለተኛው ዓመት ገንዘቡ አለቀና አቋረጠ። ወደ ነርስነቱ ሲመለስ እጁ ቀዝቅዞ ነበር። አንቺን እዚያ ላይ ማየት አልፈልግም።

ከገንዘቡ የበለጠ ምክንያት ግን አለኝ። እሱን ለመናገር ወደ መርፌው ልመለስ። ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ።

የኤፒዱራል መርፌ ወፍራም ነው፤ በመርፌ ውፍረት መለኪያ 16 ወይም 18 ጌጅ። በየቀኑ ለኦፕሬሽን የምትወጊበት የስፓይናል (የወገብ ማደንዘዣ) መርፌ ከሱ ጋር ሲተያይ ፀጉር ነው። ወፍራሙ መርፌ ዱራ የሚባለው የአከርካሪ ነርቭ ሽፋን ጋ ሳይደርስ መቆም አለበት። ካለፈ ሽፋኑን ይበሳና የአከርካሪ ፈሳሽ ይወጣል። ይህ በጥሩ እጅም ቢሆን ከ100 አንዴ ገደማ ያጋጥማል። ካጋጠማቸው እናቶች ከግማሽ በላዩን ያ ስትቀመጪ የሚመጣ ራስ ምታት ይይዛቸዋል።

ስለዚህ መበሳቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ደብዳቤሽ ይህን ዘሎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ባለሙያን የሚጠይቀው የሙያውን ደንብ ከጣሰ ነው። ባለመጠንቀቅ ወይም በቸልተኝነት ግዴታውን ስቶ ሲገኝ ማለት ነው። ውጤቱ ስለከፋ ብቻ አይጠየቅም።

እንግሊዞች ጋ ይህን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 ቼስተርፊልድ በሚባል ከተማ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን የወገብ ማደንዘዣ ተወግተው ሽባ ሆኑ። መድኃኒቱ ያለበት ብልቃጥ ለንጽሕና ሲባል ፌኖል የሚባል ጀርም ገዳይ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ፌኖሉ በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ገብቶ ነው ተባለ። በ1954 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ካሳ ነፈጋቸው፤ በ1947 ያንን አደጋ የሚያውቅ ባለሙያ አልነበረማ። የተጎዳ አለ፣ ጥፋተኛ የለም። መጀመሪያ ሳነበው በጣም ከብዶኝ ነበር። አሁንም ይከብደኛል።

የጎረቤትሽ ጉዳይ ግን የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ሌላ ናቸው። ከመወጋቷ በፊት አደጋው ተነግሯት ነው የፈረመችው? ወይስ ምጥ ይዟት «እዚህ ጋ ፈርሚ» ተባለች? መበሳቱ ሲከሰት ካርዱ ላይ ተጻፈ? ቤተሰቡ ደውሎ «ስትነሳ ነው የሚያማት» ሲል ለምን «አምጧት» አልተባለም? የራሷን ደም ወስዶ ቀዳዳውን መድፈኛ፣ ብለድ ፓች የሚባል ሕክምና እንዳለ ማን ነገራት? ያ ሁሉ ጥያቄ ካርዱ ላይ ይጀምራል። የጀርባ ሕመሙን ግን ቶሎ ክሱ ውስጥ አትክተቺው። ከወሊድ በኋላ ጀርባ ማመም ኤፒዱራል ያልተወጉትም ላይ ያለ ነው። ተከራካሪው መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነው።

የምልሽ እንግዲህ ይህ ነው። ሕጉን የሚያነብ ጠበቃ ሞልቷል። የአንስቴዥያ ቻርት የሚያነብ ጠበቃ ግን ፈልጊና አምጪልኝ። አንቺ ቴስት ዶዝ (መጀመሪያ ለሙከራ የሚሰጠው ትንሽ መጠን) መሰጠቱን፣ የደም ግፊቱ በየስንት ደቂቃው እንደተያዘ፣ እግሯ መቼ መንቀሳቀስ እንደጀመረ በአንድ እይታ ታያለሽ። ጠበቃው አልፎት የሚሄደው ባዶ መስመር ላንቺ ይጮኻል። ማደንዘዣው የሚለቅበት ሰዓት አልፎ እግር ካልታዘዘ፣ ሽንትም እምቢ ካለ፣ ደም ተጠራቅሞ ነርቩን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረው በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ችሎት ቢቀርብ ክርክሩ ነርሷ ስንት ሰዓት ላይ ለማን ተናገረች የሚለው ነው። ይህን እውቀት ያገኘሽው ኦፕሬሽን ክፍል ነው። ከዚያ ከወጣሽ በዓመታት ውስጥ ይደበዝዛል።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርሽ፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሠራተኛው ባጠፋው ድርጅቱ ራሱ በካሳ ይጠየቃል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2651 ነው። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ይታያል፤ ሐኪም በስም ተጠቅሷል። በሌላ በኩል የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። ጥፋት አለ የለም የሚለውን ፖሊስም ፍርድ ቤትም ብዙ ጊዜ እዚያ ይጠይቃል። እንዳንቺ ዓይነት ሰው የሚያስፈልገው አንዱ ቦታ ይሄው ነው።

ስለ ገቢው ደግሞ አልዋሽሽም። የሕሊና ጉዳት ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1000 ብር አይበልጥም። ሕጉ በ1952 ሲወጣ የተጻፈ ቁጥር ነው። ሦስት ሳምንት ልጇን ተቀምጣ ማጥባት ላቃታት እናት አንድ ሺህ ብር! አሞራ ገደል ለሁለት ሦስት ሰው ዓሣ ብትጋብዥበት ያልቃል። የተረፈው በደረሰኝ የሚቆጠር ነው፤ የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ደሞዝ፣ የሠራተኛ ክፍያ። ልኩ በማይታወቀው ላይ ዳኛው በርትዕ ይቆርጣል። ይህን ሥራ ብቻ ይዞ በጥብቅና ሀብታም የሆነ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ ሥራሽን ይዘሽ ተማሪ። የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ካለ ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ፤ ዲዩቲሽን ከፈተና ጋር እንዴት እንደምታስማሚም ከአለቃሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ከመመዝገብሽ በፊት ግን ሁለት ሦስት ጠዋት ችሎት ገብተሽ ተቀመጪ። ክፍት ነው፤ ማንም አይከለክልሽም። ቀጠሮ ሲዘዋወር ውለሽ ከተሰላቸሽ ጥሩ፤ በርካሽ አወቅሽው። የሰበር ችሎት ውሳኔዎችንም በየቅጹ ታትመዋልና አንብቢ። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሄደሽ «የሕክምና ጉዳይ ሲመጣባችሁ፣ ታካሚው ከፈቀደ፣ ካርዱን አነብላችኋለሁ» በያቸው። አንድ ዓመት ይህን ብትሠሪ ጠበቃ መሆን ይሻልሽ እንደሆነ ወይም የባለሙያ ምስክር፣ ራስሽ ታውቂዋለሽ። የምትሠሪበት ቦታ የጥራት ክፍል ካለውም ግቢበት።

አንድ የሚመር ነገር ልጨምር። ባልደረቦችሽ ያኮርፉሻል። «የራሷን ሰው ልታስበላ» የሚልሽ አይጠፋም። አንቺም ነገ መርፌሽ አልፎ ሊገባ ይችላል፤ ከ100 አንዱ የማንም እጅ ላይ ነው። ስለዚህ «ጥፋት የለም» የሚል ካርድ ስታነቢ ለታካሚዋ ያንኑ ንገሪያት። አልቅሳብሽም ቢሆን። ይህን የምትችዪ አይመስልሽም? እንግዲያው በዚህ መንገድ አትግቢ።

ጎረቤትሽን አልረሳኋትም። ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሳ ክስ ይርጋው (ክሱ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) 2 ዓመት ነው፤ አንቀጽ 2143። ከፍላ ስለታከመች ውል ነው፣ 10 ዓመት አላት ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ይኖር ይሆናል። እሱን ተማምና ግን አትቀመጥ። ልጇ 14 ወሩ ከሆነ 10 ወር ቀርቷታል። ማመልከቻውን እሁድ አብራችሁ ጻፉ፣ ሰኞ ታስገባ። አንቺ አብረሻት አትግቢ፤ ውጭ ጠብቂያት።