ጸጉራችሁ መርገፍ ሲጀምር

ልጆቼ፣ የቆዳ ሐኪም ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በሩ መዘጋቱን አረጋግጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ችግራቸውን የሚነግሩኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ጸጉራቸው እየረገፈ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ "ይሄማ የውበት ጉዳይ ነው፣ ለጤናህ አያሰጋም" ብዬ አሰናብት ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል። አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ "ፎቶ መነሳት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ" ሲለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ስለዚህ "በዚህም ትጨነቃለህ እንዴ?" የሚላችሁ ቢኖር አትሸማቀቁ። ያስጨንቃል።

ጭንቀቱ ግን አያጣድፋችሁ። አብዛኛው ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ሦስት አራት ቅባት ሞክሮ፣ ገንዘቡንም ጊዜውንም ጨርሶ ነው። ምን ዓይነት መርገፍ እንደያዘው የነገረው ሰው ግን የለም። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ለአንዱ የሚሆነው ሕክምና ለሌላው ምንም አይፈይድም።

ጭንቅላታችን ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ጸጉር አለ። በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ ጤነኛ ነው። አንድ ጸጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ከዚያ 3 ወር ገደማ አርፎ ይወድቃል፣ በቦታው ሌላ ይበቅላል። ይህችን የ3 ወር ዕረፍት ያዙልኝ። ከባድ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ ወይም ልብ የሚሰብር ሐዘን ሲደርስ ብዙ ጸጉር በአንድ ላይ ወደ ዕረፍት ይገባል፤ የሚረግፈው ግን ያኔ ሳይሆን ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሕመሙን ረስቶታል፣ ባለፈው ሳምንት የቀየረውን ሻምፖ ይወቅሳል። ይህ ዓይነቱ መርገፍ መነሻው ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ በራሱ ጋብ ይላል። ካልሆነ የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ችግር መኖሩን በደም ምርመራ ማየት ያስፈልጋል።

ድንገት ክብ ሆኖ የሚመለጥም አለ። የሰውነት መከላከያ የራሱን የጸጉር ሥር ጠላት ነው ብሎ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ትንሽ ከሆነ ቦታው ላይ የስቴሮይድ (የመከላከያውን ጥቃት የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ ይሰጣል፤ ለከባዱ ደግሞ ባሪሲቲኒብ የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት በ2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ልጆች ላይ ቅርፊት ያለው ክብ ካያችሁ ግን ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚድነው፣ ቅባት ብቻውን ሥሩ ድረስ አይዘልቅም።

አሁን በጣም የምፈራውን ልንገራችሁ። የጸጉሩ ሥር ራሱ ጠባሳ የሚሆንበት ዓይነት አለ። አናት መሃል ላይ ጀምሮ ዙሪያውን ይሰፋል፤ አንዳንዴ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፣ ቆዳው ይለሰልስና ያብረቀርቃል። ጸጉር ለዓመታት ጥብቅ ተደርጎ ሲጎነጎንም ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ መጀመሪያ ይሳሳል፣ ቶሎ ከላላ ይመለሳል፣ ከቆየ ጠባሳ ይሆናል። አንዲት እናት አናቷን ሲያቃጥላት "ፎሮፎር ነው" እየተባለች ዓመታት ቆይታ መጣች። ያለውን ማትረፍ ቻልን፤ የሄደውን ግን መመለስ አልቻልኩም። እባካችሁ፣ ማቃጠልና ሕመም ካለ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ብዙዎቻችሁን የሚያሳስበው ግን በዘር የሚመጣው ነው። ወንድ ላይ ከግንባር ግራና ቀኝ ይሸሻል፣ አናት ላይ ይሳሳል፤ ሴት ላይ የመሃል መክፈያው እየሰፋ ይሄዳል። "ከእናት ወገን ብቻ ነው የሚወረሰው" ሲባል ብትሰሙ አትመኑ፣ ከሁለቱም ነው። ዲኤችቲ የሚባል ሆርሞን የጸጉሩን ሥር ቀስ በቀስ ያቀጭጨዋል። ይህ የታወቀበት መንገድ ሁልጊዜ ይገርመኛል፦ በ1974 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ይህን ሆርሞን የሚሠራው ኢንዛይም ሳይኖራቸው የተወለዱ ልጆች ታሪክ ታተመ፤ አድገው ወንዶች ሲሆኑ ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች እጢ) ትንሽ ነበር፣ ራሳቸውም አልተመለጠም። ከዚያ ግኝት ፊናስቴራይድ ተወለደ። በ1992 ለፕሮስቴት እብጠት፣ በ1997 ደግሞ በ1 ሚሊግራም መጠን ለወንዶች ጸጉር ተፈቀደ። ጥቂት ሰዎች ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ድብርት የሚጫናቸውም አሉ። ይህን የምታዩ ከሆነ አትፈሩ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ነፍሰ ጡር ፈጽሞ አትወስደውም፤ የተሰበረውን ክኒን በእጇ መንካትም የለባትም።

ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር። የሚወስዱት ሰዎች ፊትና ክንድ ላይ ጸጉር በቀለ፤ የሚቀባው በ1988 ለመመለጥ ተፈቀደ። ሲጀመር ሳምንታት ያህል መርገፉ ይብሳል፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ደንግጠው ይተዉታል። አትተዉት። ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ነው፣ ካቆማችሁት ደግሞ ያገኛችሁት በወራት ውስጥ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ የሚያዝ መድኃኒት መሆኑን አውቃችሁ ግቡበት።

ንቅለ ተከላ አዲስ ጸጉር አይፈጥርም። ከጭንቅላት ኋላ፣ ዲኤችቲ ከማይጎዳው ቦታ፣ ወደ ፊት ያዛውራል። የኋላው ደግሞ የተወሰነ ነው፣ አያልቅም እንዳትሉ። በሃያ ዓመታችሁ ግንባራችሁን ብታስሞሉና ከተተከለው ቀጥሎ ያለው የራሳችሁ ጸጉር መሸሹን ቢቀጥል፣ ፊት ላይ ለብቻው የቀረ ጸጉር ብቻ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። መጀመሪያ መርገፉን በመድኃኒት አረጋጉ፣ የሚሄድበትን አቅጣጫ እዩ። ከተሠራም በኋላ የተተከለው በሳምንታት ውስጥ ይረግፋል፣ ሥሩ ግን አለ፤ ሙሉ ውጤቱ ዓመት ይፈልጋል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን ያነሳችሁትን ፎቶ ያዙ። ከ3 ወር በፊት ምን እንደገጠማችሁ አስታውሱ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጻፉ። ቤተሰብ ውስጥ ማን እንደተመለጠ ጠይቁ። እና እባካችሁ ኮፍያችሁን አውልቁ፣ በደንብ ይየው።