አፌ የሚሸተው ጨጓራዬ ታሞ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ ቤት ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት ነው የምሠራው። ሁዳዴን የምጾመው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ጾሙ ከገባ ወዲህ ከረፋዱ ጀምሮ አፌ ይደርቃል፣ ይሸታልም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ባልደረባዬ ምንም ሳትናገር ማስቲካ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ሳናግር አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ጥርሴን ጠዋትና ማታ እቦርሻለሁ፤ ስቦርሽ አልፎ አልፎ ድዴ ይደማል እንጂ ጥርሴን አሞኝ አያውቅም። እናቴ «ጨጓራሽ ነው» ስላለችኝ ማታ ማታ ሁለት ፍልቃቂ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በማር እበላለሁ። ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል የሚባል የጨጓራ መድኃኒት ገዝቼም አንድ ወር ወሰድኩ። ለውጥ የለም፤ እንዲያውም ብሶብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጠያቂያችን። ከነገሩኝ ሁሉ ሁለት ነገር ላይ ዓይኔ አርፏል፤ አንዱ የድድዎ መድማት ነው፣ ሌላው ማታ ማታ የሚበሉት ነጭ ሽንኩርት። ጨጓራዎን በመጨረሻ እንመጣበታለን፤ ከተጠርጣሪዎቹም መጨረሻ የሚቆም እሱ ነው።

መጥፎ የአፍ ጠረን ካለባቸው 10 ሰዎች የ8ቱ ወይም የ9ኙ ጠረን የሚመነጨው እዚያው አፍ ውስጥ ነው። ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወስደው ቧንቧ በምንውጥበትና በምናገሳበት ጊዜ ካልሆነ በቀር ተዘግቶ ነው የሚውለው። ስለዚህ የጨጓራ አየር ቀኑን ሙሉ በአፍ ሲወጣ አይውልም። እኔ ግን «አፌ ይሸታል» ብሎ የመጣ ሰው ኪስ ውስጥ የጨጓራ መድኃኒት ያላየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንድ ታካሚዬ እንዲህ ሲመላለስ ኖሮ፣ አፉን ከፍቶ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው የኋላ መንጋጋው ተቦርቡሮ ምግብ ታጭቆበት አገኘሁት። ከዚያ በፊት አፉን ከፍቶ ያየው ሰው አልነበረም።

ምላስዎን በመስታወት ይዩት። ከፊቱ ሳይሆን ወደ ጉሮሮ ከሚጠጋው ክፍል። ነጭ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ሽፋን ካለ፣ እዚያ ውስጥ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ተከማችተዋል። ከምግብ፣ ከምራቅና ከሞቱ የአፍ ሕዋሳት የሚያገኙትን ፕሮቲን ይሰባብሩና ሰልፈር ያለበት ጋዝ ይለቃሉ። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውም ከእነዚህ ጋዞች አንዱ በሆነው በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው።

ይህን ቆሻሻ ቀኑን ሙሉ አጥቦ የሚወስደው ምራቅ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል፤ ብዙው የሚመጣው ግን ስናላምጥ ነው። ስንተኛ ደግሞ ምራቅ ወደ ማቆሙ ይደርሳል፤ ጠዋት የማንም ሰው አፍ የሚሸተው ለዚህ ነው። አሁን የእርስዎን ቀን ይቁጠሩት። እራትዎን ማታ 2 ሰዓት በልተው እስከ ማግስቱ ቀን 9 ሰዓት ከቆዩ 19 ሰዓት ሙሉ አላላመጡም። ከጠዋት ጀምሮ ውሃም አልቀመሱም። በዚያ ላይ ባንኮኒው ጀርባ ሆነው ሲናገሩ ይውላሉ፣ መናገርም አፍ ያደርቃል። ከረፋዱ ጀምሮ መክፋቱ እንግዲህ የሚጠበቅ ነው። ረዥም ጾም ላይ ሰውነት ስብ ማቃጠል ሲጀምር አሴቶን በትንፋሽ ስለሚወጣ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ጠረንም ሊጨመርበት ይችላል። ይሄኛው በብሩሽ አይለቅም፤ ምግብ ሲበሉ ይጠፋል።

ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ልምጣ። እናትዎ ለልጃቸው አስበው ነው የመከሩዎት፤ ነጭ ሽንኩርትም መልካም ምግብ ነው። ነገር ግን ጥሬውን ሲያኝኩት ሰልፈር ያለባቸው ንጥረ ነገሮች ይፈጠራሉ፤ ከእነዚህ አንዱ አሊል ሜቲል ሰልፋይድ ይባላል። ይህ በአንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል፣ ከደም ወደ ሳንባ፣ ከሳንባም በትንፋሽ ይወጣል። እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። አፍዎን አሥር ጊዜ ቢቦርሹ የሚወጣው ከሳንባ ስለሆነ ብሩሽ አይደርስበትም። ማታ በልተውት የተኙት ሽንኩርት ጠዋት ባንክ ቤት ድረስ አብሮዎት ይሄዳል ማለት ነው። ብሶብኛል ማለትዎ ትክክል ነው። ከዛሬ ማታ ጀምረው ይተዉት።

የጾም ገበታችን ራሱ በሽንኩርት የቆመ ነው። ቅቤ በሌለበት የወጡን ጣዕም የሚሸከመው ቁሌቱ ነው፤ የሽሮ ዱቄቱም ሆነ በርበሬው ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ይህን ሁሉ ይተዉ አልልዎትም። ከጥሬው ይልቅ በደንብ የበሰለው ጠረኑ በጣም ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ያንን ንጥረ ነገር የሚፈጥረውን ኢንዛይም ያጠፋዋል። ስለዚህ ሽሮና ምስር ወጡ ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ጥሬ ሽንኩርት የበዛበት ቲማቲም ፍትፍት፣ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዳጣና ስልጆ ነው። እነዚህን በማግስቱ ሥራ ለማይገቡበት ቀን ያቆዩአቸው። አብሽ የሚጠጡ ከሆነም ይወቁት፤ እሱ ከአፍ ይልቅ በላብና በሽንት ነው የሚወጣው። አብሽ ከጠጡ በኋላ ልብሳቸው ላይ የቀረውን ጣፋጭ ሽታ በሽታ መስሏቸው የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ነጭ ሽንኩርት ያለበት ምግብ ከበሉ፣ ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ጥሬ ፖም፣ ሰላጣ ወይም የናና ቅጠል ማኘክ ጠረኑን በእርግጥ ይቀንሳል። ወተትና እርጎም ይሠራሉ፤ ግን ለፍስክ ቀን ናቸው። ቅርንፉድ ማኘክ ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ምንጩን አይነካም። ከቡና በኋላ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ። የቡናው ጠረን ምላስ ላይ ይቀራል፣ ስኳሩም ጥርስ የሚያበላሹትን ባክቴሪያዎች ይመግባል።

አሁን ዋናው ሥራ። ምላስዎን ማታ ከመተኛትዎ በፊትና ጠዋት ይፋቁ። የምላስ መፋቂያ ከሌለ የሻይ ማንኪያ ገልብጠው ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ሦስት አራት ጊዜ ይሳቡ። ውሃ ስለማይጠይቅ መሥሪያ ቤትም በጾም ሰዓት ሊያደርጉት ይችላሉ። ሳይውጡ መጉመጥመጥ ለጾመኛ የተፈቀደ መሆኑን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ እሱ የእኔ ድርሻ አይደለም። ከ9 ሰዓት በኋላ እስኪተኙ ድረስ ውሃ ደጋግመው ይጠጡ። የወይራ መፋቂያ የሚወዱ ከሆነ በደንብ ከተጠቀሙበት ጥሩ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የእንጨት መፋቂያን ደግፏል። የጥርሶቹን መሃል ግን መፋቂያም ብሩሽም አይደርስበትም፣ ክር ያስፈልገዋል። ፋሲካ ደርሶ ጥሬ ሥጋ ሲመጣ ይህ ይበልጥ ይታወሳል። ጥርስ መሃል ገብቶ ያደረ ሥጋ ለእነዚያ ባክቴሪያዎች ድግስ ነው፤ ስቴኪኒ ከላይ ያለውን ያወጣል እንጂ ድድ ሥር የገባውን አያወጣም። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ አይግዙ፤ አፍ ያደርቃል።

ድድዎን በተመለከተ ግን በቤት ውስጥ ምክር ብቻ አልሸኝዎትም። ጤነኛ ድድ ሲቦረሽ አይደማም። ድድ የሚደማው አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ ሥር ቆሻሻ ደርቆ ሲቆጣ ነው። የደረቀውን ደግሞ የሚያነሳው የጥርስ ሐኪም እንጂ ብሩሽ አይደለም። ካልታከመ ጥርስ የሚይዘውን አጥንት እየበላ ሊሄድ ይችላል፣ ይህንንም ሁሉ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ስለሆነ «ጥርሴን አሞኝ አያውቅም» ማለትዎ አያጽናናኝም። ጾሙ እስኪወጣ አይጠብቁ። በዚህ ወር ጥርስዎን ያሳጥቡ። እስከዚያው «ደማ» ብለው መቦረሽ እንዳይተዉ፤ ለስላሳ ብሩሽ ይያዙና ይቀጥሉ።

ጨጓራው? ቃር፣ ሆድ ላይ ማቃጠል ወይም ምግብ ወደ አፍ መመለስ እንዳለብዎት አልጻፉልኝም። የጨጓራ ባክቴሪያ ሲታከም ጠረናቸው የተሻላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ምልክት ሳይኖር ከዚያ አይጀመርም። ኦሜፕራዞሉን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደግመው አይግዙ። ምልክት ካለ ይመርመሩ፣ ምርመራው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ነው። ድድዎ ታክሞ፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርቱ ቀርቶ፣ ምላስዎ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ተፍቆ ጠረኑ ካልለቀቀ ያን ጊዜ ቶንሲልን፣ ሳይነስንና አፍ የሚያደርቁ መድኃኒቶችን እንፈትሻለን።

አንድ ነገር ለሌሎች አንባቢዎች ልጨምር። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ትንፋሹ እንደበሰለ ፍራፍሬ ወይም እንደ አሴቶን ከሸተተና ውሃ ጥም፣ ማስመለስ ወይም ፈጣን ትንፋሽ አብሮት ካለ፣ ጾመኛም ይሁን አይሁን በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ትንፋሹ የሽንት ሽታ ያለው፣ ፊቱና እግሩ የሚያብጥ ሰውም ኩላሊቱን ይመርመር።

ማስቲካ ስላስቀመጠችልዎ ባልደረባዎ ደግሞ እንዲህ አስባለሁ፤ የራስን አፍ ሽታ ራስ መለየት ከባድ ነው፣ አፍንጫ ይለምደዋል። እሷ ያደረገችው ብዙ ሰው የማይደፍረውን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለብቻዋ ይዘው «አሁንስ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቋት። ማስቲካውንም፣ ስኳር የሌለው ከሆነ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ያኝኩት፤ ምራቅ ያመጣልዎታል።