የታጁራ ባሕረ ሰላጤ፦ መቼ፣ እንዴት፣ ምን ይዞ?

በዚህ እትም ስለ ጅቡቲ ጠረፍ የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበናል።

«እኔና ባለቤቴ በገና ሰሞን ጅቡቲ ሄደን ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት አስበናል። ወቅቱ ነው ወይ? ዋናም ብዙ አልችልም፤ አያሰጋም?» — ከአዳማ

ወቅቱ ነው። ዌል ሻርኮቹ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከአርታ ባሕር ዳርቻ እስከ ጉቤት ባለው ጠረፍ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ይሰበሰባሉ፤ የሚስባቸው በዚያ ጊዜ ዳርቻው ላይ የሚበዛው ፕላንክተን፣ ማለትም በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ሕያዋን፣ ነው። ሰው አይነክሱም። አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ሲሆኑ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይረዝማሉ። ይሁንና ጭራቸውን ወደ ጎን ሲያወናጭፉ ያገኙትን ሰው ክፉኛ ሊመቱ ስለሚችሉ ከጎናቸው 3 ሜትር፣ ከጭራቸው 4 ሜትር ይራቁ።

ዋና አለመቻልዎ ጉዞውን አያስቀረውም፤ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ለጀልባው መሪ ይንገሩት። ሻርኮቹ የሚበሉት ከውሃው ገጽ አጠገብ ስለሆነ ላይፍ ጃኬት ለብሰው ፊትዎን ውሃ ውስጥ ቢነክሩ ይበቃል። ጀማሪን የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ማስኩ፣ ማለትም ዓይንንና አፍንጫን የሚሸፍነው የዋና መነጽር፣ ነው። ሲከራዩ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊትዎ ላይ ይለጥፉትና በአፍንጫዎ አየር ይሳቡ፤ እጅዎን ሲያነሱ ካልወደቀ ልክዎ ነው። ጥቂት ፀጉር ከጎማው ሥር ከገባ ውሃ ያስገባል፤ ጢምም እንደዚያው። አዲስ ማስክ ከገዙ የመስታወቱን የውስጥ ገጽ በጥርስ ሳሙና አሽተው ይጠቡት፤ ከፋብሪካ የቀረው ስስ ቅባት ካልለቀቀ ቶሎ ቶሎ ጉም ይለብሳል።

ባሕሩ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። መሪው የጀርባ ክንፉንና የጭራውን ጫፍ ሲያይ ጀልባውን ከዓሣው ፊት ራቅ አድርጎ ያቆምና ሞተሩን ያጠፋል። ዘሎ መግባት የለም፤ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው ሸርተት ይበሉ። ዓሣው ራሱ ይመጣል፤ ከዚያ ጎን ለጎን ይዋኙ። መንገዱን ከዘጉበት ወይም ከላዩ ከሆኑበት ወደ ታች ይጠልቃል፤ ተራ ለሚጠብቀው ሰውም ጭምር አበቃ ማለት ነው። መንካትና ፍላሽ ማብራት አይገባም። ፎቶ ካነሱ በግራ ጎኑ፣ ከስንጥቦቹ ጀርባ ያለውን ነጠብጣብ ያንሱ። ነጠብጣቡ እንደ ጣት አሻራ ከዓሣ ዓሣ ስለሚለያይ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን የሚለዩት በእሱ ነው። ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ግን አይጠብቁ፤ ሻርኩን ያመጣው ፕላንክተን ውሃውንም ያደፈርሰዋል።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ የማለዳውን ጀልባ ይያዙ። የሚቀጥሩዎት በ«7 ሰዓት» ከሆነ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ጀልባ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመሳፈርዎ 1 ሰዓት አስቀድመው ይዋጡ፤ ማስመለስ ከጀመሩ በኋላ እምብዛም አይረዳም። ዓርብና ቅዳሜ የአገሬው የዕረፍት ቀናት በመሆናቸው ጀልባው ይበዛል፤ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለው ይመረጣል።

«በባቡር መሄድ ይቻላል? ገንዘቡስ እንዴት ነው?» — ከድሬዳዋ

ይቻላል፤ ባቡሩ በደወሌ ድንበሩን ተሻግሮ ናጋድ ጣቢያ ይገባል። ጣቢያው ከመሀል ከተማ ወጣ ስለሚል የታክሲ ዋጋ ከመሳፈርዎ በፊት ይነጋገሩ። የጉዞውን ቀን ሆቴል ከመያዝዎ በፊት ከጣቢያው ያረጋግጡ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.721 የተቆራኘ ስለሆነ 100 ዶላር ወደ 17,700 ፍራንክ ያወጣል፤ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ የሚሰጥዎትን መንዛሪ ይለፉት። የቢጫ ወባ የክትባት ካርድ አይርሱ። ከተማው ውስጥም ወባ አለ፤ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር ውስጥ ትራባለች፤ ስለዚህ ሆቴል ውስጥም ቢሆን አጎበር ይጠቀሙ።

«አሳል ሐይቅን ከሁለት ልጆች ጋር በአንድ ቀን ማየት ይቻላል?» — ከአዲስ አበባ

ከጅቡቲ ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በማለዳ ከተነሱ ደርሶ መልስ ይቻላል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። ጨዋማነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ነው። ልጆቹ ዓይናቸው ውስጥ ከገባ እጅግ ያቃጥላል፤ ለመታጠቢያ ብቻ ለአንድ ሰው 5 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይያዙ፤ የሚጠጣው ለብቻው ነው። የጨው ንጣፉ ጠርዝ እግር ስለሚቆርጥ ውሃ ውስጥም ቢሆን ጫማ አይወልቅ፤ የተቦጫጨረ ቆዳ ያለው ልጅ አይግባ። በመንገድ ላይ በኅዳር 1978 እ.ኤ.አ. የፈነዳውን የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ያያሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ከልጆች ጋር አይሞከርም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስም አሸዋ ያነሳል።

«ለወፍ ተመልካችስ ምን አለ?» — ከሐዋሳ

ብዙ አለ፤ በእኛ አስተያየት ከሻርኩ አያንስም። ንስሮችና ሌሎች አዳኝ አእዋፍ ክንፍ ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ነው፤ ሰፊ ባሕር ላይ ያ አየር ስለማይገኝ ከየመን ወደ አፍሪካ የሚሻገሩት ቀይ ባሕር በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው በተደረገ ቆጠራ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ተመዝግበዋል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይሂዱ፤ ስቴፕ ንስር የሚበዛው በዚህ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። በበልግ መምጣት አያዋጣም፤ ሲመለሱ ብዙዎቹ በግብፅ በስዊዝ በኩል ያልፋሉ።

ጫካ የሚወዱ ከሆነ ከታጁራ ከተማ በስተጀርባ ባለው የጎዳ ተራራ ላይ የዴይ የጽድ ደን አለ። በዓለም ላይ በጅቡቲ ብቻ የምትገኘውና ለመጥፋት የተቃረበችው የጅቡቲ ቆቅ እዚያ ትኖራለች። ጎህ ሲቀድ ትጮኻለች፤ ስለዚህ ተራራው ላይ ማደር ግድ ነው፤ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሹራብ ይያዙ። ወደ ባብ ኤል መንደብ የሚወስደው የሰሜን ጠረፍ ለድንበር የቀረበ በመሆኑ ፈቃዱን አስጎብኚው አስቀድሞ ያውጣ። ድሮን ቤት ይቅር፤ በወደብና በጦር ሰፈር አጠገብም የርቀት መነጽርና ካሜራ ከሻንጣ አይውጣ።